«ቀሪ» የተባለው ካሴት

ጡረታ የወጣ ሰው ሐሳብ ይቀንስለታል ይላሉ። ለኔ አልሆነም። ከቤት ስወጣ ምድጃውን ማጥፋቴን ሁለት ጊዜ፣ በሩን መቆለፌን ሦስት ጊዜ አያለሁ፤ ታክሲ ከተሳፈርኩ በኋላ ወርጄ የተመለስኩበት ቀንም አለ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አስካለ፣ ሰማይ ቢደፋ እንኳ አንቺ ነክተሽው ይመስልሻል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። የሚገርመው ግን በሥራ ዘመኔ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት ምንም ሳልጠራጠር መሆኑ ነው።

ሥራዬ ዘፈን መቅዳት ነበር። ዘፋኙ ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ይዘፍናል፣ እኔ ወዲህ ማዶ ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ድምፁን እቀርጻለሁ። ሃያ አምስት ዓመት ያህል የሠራሁት ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ቪላ ጓሮ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። የስቱዲዮው ባለቤትና አለቃዬ አቀናባሪው ጋሽ መርዕድ ነበሩ። ያቀናበሩትን አልበም ብዛት ራሳቸውም በልክ አያውቁትም፤ ሁለት መቶ አልፏል የሚሉ አሉ። ሠርግ ላይ ጨፍሮ ወይም ሚኒባስ ውስጥ አንገቱን ነቅንቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የጋሽ መርዕድን እጅ ሰምቷል። አሁን ካዛንቺስ ሄዶ ስቱዲዮውን የሚፈልግ ግን አያገኘውም። ሰፈሩ ሲፈርስ ቪላውም ሰርቪሱም አብረው ሄዱ፤ ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ጋሽ መርዕድ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልጃቸው ህሊና ጋ ገቡ፤ እኔም በዚያው ሥራዬን አቆምኩ።

ባለፈው ክረምት ህሊና ደወለችልኝ።

«እትዬ አስኩ፣ ማለቴ... የአባዬን ሥራዎች በሙሉ ሊስት ማድረግ አለብን። ለቅጂ መብት ምዝገባ ይፈለጋል። ካንቺ በቀር የሚያውቀው ሰው ደግሞ የለም። ቶሎ ብናደርገው ጥሩ ነው፤ በቃ፣ ልቡ እየደከመ ነው። ዶክተሩ ተዘጋጁ ብሎናል።»

«እሺ የኔ ልጅ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለጋሽ መርዕድ አዘንኩ፤ ከሐዘኑ እኩል ግን ፈራሁ። የስቱዲዮው መዝገብ እኔ ጋ ነው ያለው። በዚያ መዝገብ ውስጥ እንዴት እንደምሞላት የማላውቃት አንዲት መስመር አለች።

ወደ ሙያው የገባሁት በጓሮ በር ነው። ወሎ ሰፈር አጠገብ በነበረ አንድ ሙዚቃ ቤት ካሴት እንዳባዛ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከታክሲና ከምሳ ብዙም አያልፍም። ከሱቁ ኋላ ባለች ክፍል ውስጥ ማጫወቻዎች ተደርድረው፣ ካንዱ ካሴት ወደ ሌላው ስንገለብጥ እንውላለን። ሳይሸጥ የተመለሰውን አልበም የሱቁ ባለቤት «ቀሪ» ነበር የሚለው። «አስካለ፣ ቀሪውን አውጪና እላዩ ላይ ቅጂበት!» ይለኛል። ካሴት እንዳይደመሰስ ሲፈለግ ከጀርባው ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበራለች፤ እኔ ደግሞ ቀዳዳዋን በፕላስተር ደፍኜ አዲሱን ዘፈን እጭንበታለሁ። ማንም ያልገዛው ዘፋኝ በዚህ ዓይነት ከነአካቴው ይጠፋል። ስንቱን እንዳጠፋሁ እንጃ፤ ያን ጊዜ ምንም አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ መርዕድ ለገበያ የሚወጣ ሥራቸውን ይዘው መጡ። እየተባዛ ሳለ ድምፁ ውስጥ ያለ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄኛው ማሽን ይፈጥናል። ዘፈንዎ ወደ ላይ ወጥቷል» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው አዳመጡ። «ግማሽ ድምፅ እንኳ አይሞላም እኮ! እንዴት ሰማሽው?»

«እኔ እንጃ። ጨነቀኝ።»

ሳቁ። «በይ፣ እኔ የሚጨንቀው ሰው ነው የምፈልገው። ሰኞ ነይ» አሉኝ።

ጋሽ መርዕድ ከሙዚቃው በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቀን ፋይል ያገላብጣሉ፣ ማታ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታሉ። እሳቸው መሥሪያ ቤቱን ለቀቁ እንጂ መሥሪያ ቤቱ እሳቸውን አልለቀቃቸውም። ቀረጻው ከጣማቸው «ይመዝገብ» ይላሉ፤ ካልጣማቸው «ለባለጉዳዩ ይመለስ»። ዘፋኝ ሲያስቸግራቸው «ይህ ለበላይ አካል ይቅረብ» ብለው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። ካሴት ላይ ሳይቀር «ጉዳዩ፦» ብለው ነው የሚጽፉት። ትልቁን መዝገብ ያሰመሩትም ራሳቸው ናቸው፤ ተራ ቁጥር፣ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ ቅኝት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምርመራ» የሚል ሰፊ ዓምድ። እዚያ ላይ «ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ የጎረቤት አውራ ዶሮ አለ፤ ያምራል፣ ይቆይ» ዓይነት ነገር ይጽፋሉ። ያ ዶሮ እስከ ዛሬ በሦስት የታወቁ ዘፈኖች ውስጥ ይጮኻል።

ቀረጻ ሲጀመር ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ የጫማ ሲጥሲጥታ ማይክ ውስጥ ይገባል ባይ ናቸው። ከዚያ በካልሲ ወደ ጓሮ ይወጡና ከውሃው ታንከር አጠገብ ቆመው በግድግዳ ያዳምጣሉ። ከግድግዳ ወዲያ ትከሻ የማያስነቀንቅ ዘፈን ታክሲ ውስጥም አያስነቀንቅም ይሉ ነበር። በድራም ማሽኑ ነገር ደግሞ «ማሽን አይደክምም፣ ጨፋሪ ግን ይደክማል። ትንሽ አስደክሚው» ይሉኝና እያንዳንዷን ምት ከቦታዋ ትንሽ ወደ ኋላ ያስጎትቱኛል። ስጎትተው እውነትም ሰው የመታው ይመስላል። አንቺ ሆዬ ቅኝት ሲሆን ኪቦርዱን አያምኑትም፤ ከቅኝቱ ድምፆች ሁለቱን ዝቅ ከፍ አድርገው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ያስተካክሉታል። ትንፋሽ መቁረጥማ ክልክል ነው። እኔ ቀረጻው እንዲጠራ ብዬ የዘፋኟን ትንፋሽ ሳጠፋ ካዩ «ምን አደረገችሽ? በሕይወት ተያት እንጂ!» ብለው ይቆጡኛል።

እኔ በበኩሌ ስፈራ እውል ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ካሴት ይጣበቃል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ልክ ዜማው ሲጣፍጥ ይነሣል። ሽቦውን ሁሉ በየጠዋቱ እነካካለሁ። ጋሽ መርዕድ «ለኛ ስቱዲዮ ዘበኛ አያስፈልገውም፣ አስካለ አለች» እያሉ ያሾፉብኛል።

ከዘፋኞቹ ሁሉ የቀረበችኝ ሰናይት ነበረች። እኩያዬ ናት፣ ያደገችው ወሎ ሰፈር ነው፣ ከጋሽ መርዕድ ጋር ሁለት አልበም ሠርታለች። ሦስተኛውን ስንጀምር አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን ይውጣ አሉ፤ ድምፅሽ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል ብለውም አስፈረሟት። ሆስፒታል ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። ግጥሙም ዜማውም የራሷ የሆነ፣ ገና ስም ያላወጣችለት ዘፈን ነበራት።

«ምናልባት ድምፄ ባይመለስ ይህችን ልቅዳት» አለች።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሳል አቋረጣት። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ አዲስ ካሴት አስገባሁላትና ሦስተኛውን ከዳር እስከ ዳር ዘፈነችው። መጨረሻው አካባቢ ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ የማሽኑ የድምፅ መለኪያ መርፌ ደበዘዘብኝ፤ ማልቀሴን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጓሮው ዘንቦበት ስለነበር ጋሽ መርዕድ ሲገቡ ካልሲያቸው ርሷል። ይመዝገብም አላሉ። «ሂጂ ታከሚ። ድምፅሽ እኔ ጋ ነው፤ ማንም አይነካውም» አሏት።

እሷን ታክሲ ላሳፍር ወጣሁ። ስመለስ ጋሽ መርዕድ ሁለቱን ካሴቶች ጽፈውባቸው መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋል። አንዱ «ጉዳዩ፦ ሰናይት» ይላል። ሌላው «ጉዳዩ፦ ሰናይት። ቀሪ።» በማግስቱ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ሄዱ።

በሳምንቱ የሳሙና ማስታወቂያ የሚያሠሩ ሰዎች መጥተው ዛሬውኑ ይቀዳልን አሉ። ባዶ ካሴት አልነበረም። ያ ዓይነት ባለ ስምንት መስመር ካሴት እንደ ልብ ስለማይገኝ ያላስፈለገው ላይ ደጋግመን እንቀዳ ነበር። መደርደሪያውን ሳይ «ቀሪ» የሚለው ዓይኔ ገባ። የተበላሹት ሁለት ሙከራዎች እዚህ ላይ ናቸው፣ ደህናው እዚያኛው ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። የጀርባው ፕላስቲክ ተሰብሯል። እሱስ እንኳ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር፤ እጄ ግን የሙዚቃ ቤቱን ልማድ አልረሳም፣ ፕላስተር ቆርጬ ደፈንኩት። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ የማይ ሴት ያንን ካሴት አንድ ጊዜ አላዳመጥኩትም። ቀሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ መርዕድ ሲመለሱ ሰናይት ታክማ ወጥታ ነበር። ኦፕራሲዮኑ ደህና ቢሆንም ድምፅዋ ወርዶ ሻክሯል። «በይ የሰናይትን አምጪልኝ» አሉኝ። «ቀሪ» የሚለውን ካሴት አንሥተው ራሳቸው አስገቡት። ሦስት ሴቶች ስለ ሳሙና አረፋ መዝፈን ጀመሩ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ማስታወቂያው ነው። እርስዎ በሌሉበት መጥተው...»

«የሰናይትስ?»

«እዚያኛው ላይ ነዋ!» ብዬ ሌላውን አስገባሁ። ሳሏ ተሰማ። ቀጥሎ መብራት ሲጠፋ ድምፅዋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

«አስካለ፣ ቀሪ ብዬ ጽፌበት አልነበረም?»

«ለዚያ እኮ ነው የቀዳሁበት!»

ጋሽ መርዕድ አፍጥጠው አዩኝ። ቀስ ብሎ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ታየኝ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«መዝገብ ቤት ውስጥ ዋናው ደብዳቤ ለባለጉዳይ ይሄዳል፤ ቀሪው እኛ ጋ ይቀመጣል። ዋናው ቢቃጠል፣ ባለጉዳዩ ቢሞት እንኳ ቀሪው አለ። ቀሪ ማለት የማይነካ ማለት ነው፣ አስካለ።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሁለታችንም አንዲቷን ቃል በየመጣንበት ቤት ነበር የተማርናት።

ሰናይት ከሰዓት በኋላ መጣች። እነግራታለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ጋሽ መርዕድ ቀደሙኝ። «ማሽኑ በላው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለተኛ ቅጂ ማውጣት ነበረብኝ» አሏት። ሰናይት በዚያ በሻከረ ድምፅዋ «እርስዎን አምኜ ነበር» ብላ ወጣች። ዳግም እዚያ ግቢ አልረገጠችም። እኔ ተከትያት ልሮጥ ስል ጋሽ መርዕድ ክንዴን ያዙኝ። «ተቀመጪ። ጉዳዩ ተዘግቷል» አሉ። ተቀመጥኩ። ታዝዤ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነው የተቀመጥኩት።

ሰናይት ዘፈን ተወች። መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ለልጆች መዝሙር ማስተማር ጀመረች። ከጋሽ መርዕድ ጋር ስትቆራረጥ ከኔ ጋር ግን ጭራሽ ተጠጋጋን። ቅዳሜ ቅዳሜ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ እንገናኛለን። የሳቸው ዘፈን ሬዲዮ ላይ በመጣ ቁጥር «የስንቱን ድምፅ ሲያስቀምጥ የኔን ጣለው» ትላለች። እኔ ማኪያቶዬን አማስላለሁ። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም አማስላለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ሄጄ፣ ሳልነግራት የተመለስኩባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው።

በመሃሉ ዘመኑ ተለወጠ። ካሴቱ ቀረና ኮምፒዩተር መጣ። አንዱን በሌላው ላይ ቀድቶ መደምሰስ ቀረ፤ የተሳሳተውም፣ ያልተፈለገውም ሁሉ ይቀመጣል። ወጣቶቹ አቀናባሪዎች ራሳቸው ይቀዳሉ፤ ዘፋኙም ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቀድቶ በስልክ ይልክላቸዋል። አዲሱን ተምሬ ጥቂት ዓመት ሠራሁበት። አንድ ፋይል በስምንት ቦታ ካላስቀመጥኩ አላምንም ነበርና ልጆቹ ይስቁብኛል። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም።

ከህሊና ስልክ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ጎተራ ተመላለስኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ጋሽ መርዕድ ሁለት ትራስ ተደግፈው፣ እኔ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እናነባለን። አንዳንዱን ርዕሱን ስጠራ አያስታውሱትም፤ ምቱን በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ስመታላቸው ግን «አሃ! ባሱ ያስቸገረን!» ይላሉ። ከዚያም ያ መስመር ደረሰ። የሰናይት ስም አለ፣ ርዕሱ ባዶ ነው፣ ቅኝቱ አንቺ ሆዬ። ምርመራው ላይ በሳቸው እጅ «ቀሪ» ብቻ ተጽፏል።

«እዚህ ላይ ምን ልጻፍ?»

«በማሽን ብልሽት የጠፋ በይው።»

«ሐሰት ነው እኮ ጋሼ።»

«ሐሰት ቢሆንም ቆይቷል፤ አትንኪው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር። «ሰናይት ደህና ናት?» አሉኝ። ይህችን ጥያቄ በመጣሁ ቁጥር ይጠይቁኛል፣ ሁልጊዜም ዓይናቸውን ጨፍነው። ደህና ናት አልኳቸው። ስወጣ ህሊና ደረጃው ድረስ ሸኘችኝና «እትዬ፣ ዶክተሩ የሳምንታት ነገር ነው ብሏል። ማንን ማየት ትፈልጋለህ ስለው ዝም ይላል» አለችኝ። ማንን እንደሚፈልጉ እኔ አውቃለሁ። ደረጃውን እየወረድኩ ቅዳሜ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደቀረ ቆጠርኩ።

ቅዳሜ ሰናይት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመርኩ፤ ካልሆነ እንደማልጀምር አውቃለሁ።

«ሰናይት፣ ዘፈንሽን ማሽን አልበላውም። እኔ ነኝ። እላዩ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ቀዳሁበት። ጋሽ መርዕድ ቀሪ ብለው ጽፈውበት ነበር፤ እኔ የማይፈለግ መስሎኝ...»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ካሴቱን፣ ፕላስተሩን፣ መዝገብ ቤቱን። አላቋረጠችኝም። አስተናጋጇ መጥታ ማንም ሳያዛት ተመለሰች።

«ሳሙና?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«በር ሦስቴ የምታይው አንቺ፣ አንድ ጊዜ ማዳመጥ አቃተሽ?»

«አቃተኝ።»

«እሺ እሱስ ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ስንት ቅዳሜ እዚህ ቁጭ ብለሽ ሰውየውን ሳማ ሰማሽኝ? በቃ፣ አንድ ቅዳሜ እንኳ አፍሽ አልተከፈተም?» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሰው ዘወር ብሎ አየን። ተነሣች፤ ትታኝ መሄዷ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «የት ነው ያሉት? ተነሽ ውሰጂኝ» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ እሷ መስኮት መስኮቱን እያየች ጎተራ ደረስን። አራቱን ፎቅ ከፊቴ ቀድማ ወጣች። ህሊና በሩን ስትከፍት እኔ «እንግዳ አምጥቻለሁ» ብቻ አልኩ። ጋሽ መርዕድ ሰናይትን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«ነገረችኝ» አለቻቸው። «ለምን ዝም አሉኝ? ይህን ሁሉ ዘመን ስጠላዎት ለምን ዝም አሉኝ?»

ጋሽ መርዕድ ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅናቸው።

«እኔን ብትጠይኝ ሌላ አቀናባሪ ታገኛለሽ ብዬ ነው። እሷ ግን ወሬው ከወጣ ሌላ ሥራ አታገኝም ነበር። ማን ካሴት ያምናታል?» ትንሽ አረፉና ጨመሩ። «ሌላ አቀናባሪ ግን አልፈለግሽም። እሱን ተሳስቻለሁ።»

ሰናይት ግንባሯን እጃቸው ላይ ደፍታ አለቀሰች። እኔ በር ላይ እንደቆምኩ ነበር፤ ግቢም ውጪም ያለኝ የለም። በኋላ መዝገቡን ከፍቼ ምርመራው ላይ «በአስካለ ስህተት ተደምስሷል» ብዬ ጻፍኩና ለጋሽ መርዕድ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ጠይቀው አነበቡት፤ ተቃውሞ እንዳላት ሰናይትን በዓይናቸው ጠየቋት። የለኝም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከሥሩ ፈረሙ።

ደረጃው ላይ ሰናይት ዘወር አለችብኝ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አሁን ግን አትደውዪልኝ፣ እሺ? ላይሽ አልችልም» አለች። እሺ አልኳት።

ጋሽ መርዕድ ዶክተሩ ከገመተው በላይ ቆዩ፤ እስከ ዛሬም አሉ። ሰናይት ሰኞ ሰኞ ትመጣለች። እኔ ማክሰኞ እሄዳለሁ፤ ቀኑን የለየችው እሷ ናት፣ በህሊና በኩል ነው ያስነገረችኝ። ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ እላለሁ። የፈራሁት ሁሉ ደረሰ፤ እንደፈራሁትም አመመኝ። ባለፈው ማክሰኞ ስገባ ጋሽ መርዕድ ፊታቸው በርቶ አገኘኋቸው።

«ትናንት ዘፈነችልኝ» አሉኝ። «ድምፁ ወርዷል፤ ዜማውን አብራ አውርዳዋለች። ስምም አውጥታለታለች።»

«ማን አለችው?»

እንደዚያ በሐዘኔታ አይተውኝ አያውቁም።

«ለአስካለ እንዳይነግሩብኝ ብላኛለች» አሉ።